ቁጥሩ የሚጀምረው ከታች በስተቀኝ ነው

ማርሊስን ባለፈው መከር ቀበርናት፤ ስለዚህ አሁን መናገር እችላለሁ። እሷ በሕይወት እያለች ቢሆን ምላሴን ቢቆርጡኝም አልናገርም ነበር።

እኔ ቨርና ቶሌፍሰን ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ነው። እዚህ ደቡብ ሳስካችዋን ውስጥ ከእኛ ሰፈር የወጣ ሰው ሁሉ፣ ዛሬ ቦርጭ ያወጣው ሳይቀር፣ "ቁጭ በል" ስለው ቁጭ ይላል። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ውሸታም ናት ያለኝ ሰው ግን የለም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ማርሊስ የታናሽ ወንድሜ የዴልመር ሚስት ነበረች። የመጣችው ከደቡቡ የአገር ድንበር ማዶ፣ ከሞንታና ነው። ትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ መምህር አጥቶ ከርሞ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ማን ይመጣል፤ ያለው ስንዴና ነፋስ ነው። እሷ መጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስታወራ እጇ የማያርፍ፣ ፊቷ በትንሹም በትልቁም የሚቀላ ልጅ ነበረች።

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቅይቷል። ርዕሰ መምህሩ ልጆቹን ቶሎ ቤታቸው እንዳደርስ ስላዘዘኝ ትምህርቷን እስክትጨርስ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

"ካርታ ስትይዙ መጀመሪያ የምትፈልጉት ምንድን ነው?" አለቻቸው።

"ቤታችንን" አለ አንዱ ከፊት።

"ቤትህ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ሰሜንን ፈልግ። ሰሜን የት እንደሆነ ካላወቅክ ካርታውን ገልብጠህ ይዘህ ቀኑን ሙሉ ትዞራለህ። ከዚያ መስፈርቱን እይ፤ አንዷ ጣት ስንት ማይል ናት? ከዚያ የምልክቶቹን መፍቻ። ሰማያዊዋ መስመር ወንዝ ናት። ቡናማዎቹ መስመሮች ከፍታ ናቸው፤ እርስ በርስ በተጠጋጉ ቁጥር ቁልቁለቱ የባሰ ነው። እዚያ ጋ ካርታው ተጠንቀቅ እያለህ ነው።"

ደህና ታስተምራለች አልኩ በልቤ። እኔ ሰው ቶሎ አላመሰግንም፣ ግን ደህና ታስተምር ነበር።

ቀጥላ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ገበታ ሠራች፤ ስድስት በስድስት፣ ሠላሳ ስድስት ካሬ። እያንዳንዷ ካሬ አንድ ማይል በአንድ ማይል ናት። የእኛ አገር መሬት አያቶቻችን ሳይመጡ በፊት እንዲህ ተሸንሽኖ ነው የጠበቃቸው። የመንገድ ስም የለንም። ሰው መሬትህ የት ነው ሲባል የካሬውን ቁጥር ይናገራል፤ በቃ። ማርሊስ ጠመኔዋን አንስታ ከላይ ከቀኝ ጥግ "አንድ" ብላ መጻፍ ጀመረች።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ በክርኗ ጓደኛዋን ጎሸመች። ሎይስ የምትባል ዓይን አውጣ ልጅ ነበረች፤ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ በዚህ አቆጣጠርማ የእኛ ቤት ሞንታና ሊገባ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሎይስ ቤት ከገበታው ሰሜናዊ ጫፍ ነው። የማርሊስ ቁጥር ግን አውርዶ ደቡብ ጫፍ፣ ድንበሩ አጠገብ ጥሎታል። ምስኪን፣ ምን እንደተሳሳተች እንኳ አልገባትም። እኔም ዝም ማለት አልችልበትም።

"ይቅርታ ቲቸር፣ ልጅቷ ልክ ናት" አልኩ ከኋላ። "እዚህ ቁጥሩ የሚጀምረው ከታች በስተቀኝ ነው።"

"እኛ ጋ ግን ከላይ ነው።"

"እናንተ ጋ ነዋ። ድንበሩን ስትሻገሪ ይገለበጣል።"

ፊቷ እንደ ቀይ ሥር ሆነ። ግን አልተኮሳተረችም። የጻፈችውን በክንዷ ጠርጋ፣ ሹራቧ በጠመኔ ነጭ ሆኖ፣ "እሺ፣ አስተምሩኝ" አለችና ጠመኔውን ለሎይስ ሰጠቻት።

ይሄን ማታ ራት ላይ ለዴልመር ብነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ልጅ የሌለው፣ ትምህርት ቤት ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው፣ በሚቀጥለው የወላጆች ራት ላይ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ከች አለ። አጠገቧ ተቀመጠ። ድንች በመረቅ የበላበትን ሳህን ገፋ አድርጎ የገበታውን ጨርቅ በሹካ እያሰመረ ያስተምራት ጀመር።

"ከታች ከቀኝ ትነሻለሽ። ወደ ግራ ታርሻለሽ። ጫፍ ስትደርሺ አንድ ረድፍ ከፍ ብለሽ ወደ ቀኝ ትመለሻለሽ። ትራክተር የሚሄደው እንዴት ነው? እንደዚያ ነው።"

"ትራክተር ነድቼ አላውቅም።"

"እሱንም እናስተምርሻለን" አለ ሞኙ ወንድሜ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር።

በዓመቱ ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ "ሞንታና ገባ" የቤታቸው ቋንቋ ሆነ። ፓይ ውስጥ በስኳር ፋንታ ጨው ስትጨምር ሞንታና ገብታለች። የዴልመር ካልሲ ከጠፋ ካልሲው ሞንታና ገብቷል። እሷ የዕቃ ጨርቅ ትወረውርበታለች፣ እሱ ጎንበስ ይላል፣ ጨርቁ እኔን ይመታኛል። እሑድ እሑድ እነሱ ጋ ስበላ ይሄንን እያየሁ አጉረመርም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ይሄንንም አሁን ነው የምናገረው።

ማርሊስ አቆጣጠራችንን ለመደች። ለመደች ስል እዚህ ከተወለዱት የሚለያት ነገር አልነበረም፤ መደብር ውስጥ የሚሠሩትን ልጆች ሳይቀር የካሬ ቁጥር ታርም ነበር። ልጆቹን ሁሉ ቤታቸውን ካርታ ላይ አስፈለገቻቸው። በተለይ አንድ ነገር ላይ ድርቅ ትል ነበር። እርሻ አገር ነው፤ ሰው ማሽን ይይዘዋል፣ ጎተራ ይቃጠላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ስልክ አንስቶ የት እንዳለ መናገር አለበት።

"ቁጥር ብቻ ብላችሁ እንዳትዘጉ" ትላቸዋለች። "ስልኩን የሚያነሳው ሰው እንደኔ እንግዳ ቢሆንስ? ቁጥሩን ወደ መንገድ ቀይሩለት። ከእህል ጎተራው ተነስተህ ወደዚህ፣ እዚህ ጋ ታጠፍ፣ ይሄን ያህል ማይል ሂድ በሉት።"

ደግ ትምህርት ነው። የተሳሳተ ነገር አለው የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ።

ማርሊስ በመጣች በአራተኛው ዓመት መከር ላይ ዴልመር አዲስ መሬት ተከራየ። የራሳችን እርሻዎች ስም አላቸው፤ አንዱ የአባባ፣ አንዱ የድንጋዩ፣ አንዱ የማዶው ነው። ማርሊስ እነሱን በስም ታውቃቸዋለች፣ ምሳ ታደርስበታለች። አዲሱ ግን ገና ስም አልወጣለትም፤ ካሬ ሠላሳ ሦስት ብቻ ነበር። ሠላሳ ሦስት ከገበታው የላይኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ወደ ሸለቆው የሚወርድ ገደላማ መሬት። ማርሊስ አይታው አታውቅም።

ቅዳሜ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የመከር ራት ቀን ስለሆነ እኛ ሴቶቹ ምድር ቤት ወርደን የቱርክ ዶሮና ድንች እናዘጋጃለን። ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸና እኔ አነሳሁት።

"ቨርና፣ ዴልመር ትራክተር ተገልብጦበታል። አሁን በመገናኛ ሬዲዮው ጠርቶኝ ነው። ሠላሳ ሦስት ላይ ነኝ አለኝ። አምቡላንስ ጠርቻለሁ፣ እኔም እየሄድኩ ነው።"

ማርሊስ ነበረች። ምንም ሳልላት ዘጋችው። ሽርጤን ሳልፈታ፣ የድንቹን ቢላዋ እንደያዝኩ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ሠላሳ ሦስት ካለች ሠላሳ ሦስት ነው፤ ወደ ሰሜን ነዳሁ። አምቡላንሱ ቀድሞኝ ይደርሳል ብዬ ነበር። ስደርስ ማንም የለም።

ትራክተሩ ከአፋፉ በታች በጎኑ ተኝቷል፤ አንዱ ጎማ ገና ይዞራል ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ዴልመር የመቀመጫው ቤት ተጨፍልቆበት ከወገቡ በታች አይታይም። ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቷል።

"እታለም" አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። "ሽርጥ ለብሰሽ መጣሽ?"

"ዝም በል፣ ጉልበትህን አትጨርስ።"

ብረቱን በእጄ ያዝኩና ገፋሁት። ትራክተር በሴት እጅ የሚነሳ ይመስል። ከመኪናዬ ክሪክ አምጥቼ ከሥሩ ከተትኩ፤ አፈሩ ገና የታረሰ ስለሆነ ክሪኩ ሰጠመ። ሌላ ቦታ ሞከርኩ፣ እዚያም ሰጠመ። ከዚያ ሬዲዮኑን አንስቼ ጮህኩ፤ ግን ሬዲዮኑ የሚያገናኘው ከራሳቸው ኩሽና ጋር ብቻ ነው፤ ማርሊስ ደግሞ ከኩሽናው ወጥታለች። ለባዶ ኩሽና ነበር የምጮኸው። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር ካለ እሱ ሰምቶኛል።

"የት ደረሱ?" አለኝ ዴልመር።

"ልየው" ብዬ አፋፉ ላይ ወጣሁ።

የእኛ አገር ሜዳ ምንም አይደብቅም። በስተደቡብ፣ ከሩቅ፣ የአምቡላንሱ ቀይ መብራት ታችኛው መንገድ ላይ ወደፊት ይላል፣ ደግሞ ወደኋላ ይመለሳል። ከኋላው አንዲት መኪና አቧራ እያስነሳች ትከተለዋለች። ማርሊስ ናት። ሰው ይፈልጋሉ። እዚያ ታችኛው ረድፍ ላይ ይፈልጋሉ።

ያኔ ገባኝ። ሠላሳ ሦስትን ከላይ ቆጥራዋለች። አራት ዓመት ያስተማረችውን ሁሉ ድንጋጤው ከራሷ ላይ አራግፎት፣ ልጅ ሆና አባቷ እርሻ ላይ እንደቆጠረችው ቆጥራዋለች። በኋላ አምቡላንሱን የሚነዳው ክላረንስ እንደነገረኝ ቁጥሩን ጨርሶ አልነገረችውም። ልጆቹን እንደምታስተምረው መንገዱን ነው የነገረችው፤ ከጎተራው ወደ ደቡብ፣ እዚህ ጋ ታጠፍ፣ ይሄን ያህል ማይል ሂድ። ሠላሳ ሦስት ብላ ብትዘጋ ክላረንስ ዓይኑን ጨፍኖ ይመጣ ነበር፤ እዚሁ የተወለደ ሰው ነው። "ካርታ የምታስተምረን ሴት መንገድ ስትነግረኝ እንዴት ብዬ እጠይቃታለሁ?" አለኝ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሸ።

የመኪናዬን ጥሩምባ ነፋሁ፤ ነፋሱ ከደቡብ ስለነበር ድምፁ ወደ እኔው ተመለሰ። ልሂድና ልጥራቸው ብዬ ወርጄ ብነግረው ዴልመር እጄን ያዘኝ።

"አትሂጂ። የት ናቸው?"

የፊቱን አፈር በሽርጤ ጠረግኩለት።

"እታለም።"

"ታች ረድፍ ላይ ናቸው። ወደ ደቡብ ሄደዋል።"

ከዚያ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ሳቀ። በደረቱ ብቻ ነው የሳቀው፣ ሌላው አካሉ አይታዘዘውም።

"ሞንታና ገባች" አለ። "ውይ የኔ ነገር። ሞንታና ገባችልሽ።"

ሳቁ አሳመመውና ፊቱ ጭምድድ አለ። እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ፣ ቀስ ብሎ ላላ አደረገው።

"ስትመጣ፣ ሬዲዮኑን እንደዘጋ ነው ያለፈው በያት።"

"አትቀባጥር። የትም አትሄድም።"

"እታለም፣ ስሚኝ። ወዲያው ነው የሞተው በያት። እኔ ስደርስ አልፎ ነበር በያት። አለዚያ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ መንገድ ላይ ነው የምትቀረው።"

"እኔ አልዋሽም።"

"ለዚያ እኮ ነው አንቺን የማዝሽ። ሌላ ሰው ቢላት አታምንም። አንቺ ካልሻት ታምናለች።" ትንፋሹን ፈለገ፣ አገኘው። "አንዴ ብቻ። ለኔ ስትይ።"

እሺ አልኩት። ምን ልበለው። ከዚያ ስለ ቱርክ ዶሮው ጠየቀኝ፣ ደርሷል ወይ ብሎ። እየደረሰ ነው አልኩት። ሌላ የተናገረው ነገር የለም። እጁ እጄ ውስጥ እንዳለ ነው የሄደው፤ እንደሄደ ያወቅኩት ነፋሱ ፀጉሩን ዓይኑ ላይ ሲጥልበት ዝም ስላለ ነው።

እነሱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ማርሊስ ባዶው መስክ ላይ ቆማ ነገሩ በርቶላታል፤ መኪናዋ ሳይቆም በሩን ከፍታ ወረደች፣ በገደሉ ተንሸራታ መጣች። ፊቷን ሳይ ደሜ ፈላ። አልዋሻችሁም፣ ልገድላት ደርሼ ነበር። አንድ ወንድም ነው ያለኝ። እናታችን ስትሞት አቅፌ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ።

"ወዲያው ነው ያለፈው" አልኳት። "እኔ ስደርስ አልፎ ነበር።"

ተንበርክካ እጁን ያዘችው። ቀና ብላ አየችኝ።

"እጁ ይሞቃል፣ ቨርና።"

"ፀሐይ ነው" አልኩ። "ፀሐይ አሙቆት ነው።"

ቀኑ ፀሐያማ ነበር፤ ፀሐይቱም ረዳችኝ።

ከቀብሩ በኋላ አገሩ እንደ ልማዱ ሆነ። በየቀኑ አንድ ሰው የተሸፈነ ሳህን ይዞ ይመጣል፣ "ማንም ሊሳሳት ይችላል" ይላል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ ይሄዳል። ማርሊስ ከትምህርት ቤት አልቀረችም። ግን የግድግዳ ካርታዎቹን ሁሉ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለቻቸው። ስለ ሩቅ አገር ወንዞችና ስለ ቡና ምርት በቃል ታስተምራለች። ገበታውን አትሥልም። እኔ በበረዶው ወራት በሙሉ ልጆቹን በሯ ላይ አራግፌ "ደህና አደርሽ" እላትና እዞራለሁ። ቆሽቴ ያርር ነበር። ሌላው ሰው ቢያንስ ማዘን ይችላል፤ እኔ ግን ውሸቱን ተሸክሜ፣ ንዴቴንም ተሸክሜ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳልል እነዳለሁ።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን አንድ አዲስ ሕፃን አውቶቡሴ ላይ አንቀላፍቶ ማቆሚያው አለፈው። የማን እንደሆነ ገና አላወቅኩትም።

"ቤታችሁ የት ነው፣ ማሙሽ?"

"ውሻችን ያለበት ጋ።"

"ካሬያችሁ ስንት ነው?"

ጓንቱን እያኘከ ያየኛል። ሎይስ ከኋላ፣ ያኔ ትልቅ ልጅ ሆናለች፣ "እትዬ ቨርና፣ ትንንሾቹ አያውቁትም" አለችኝ። "ቲቸር እኮ አላስተማረቻቸውም።"

ልጁን በስንት ልፋት እናቱ ጋ አድርሼ፣ አውቶቡሱን አዙሬ ቀጥታ ወደ ማርሊስ ክፍል ሄድኩ። ብቻዋን ተቀምጣ ደብተር ታርማለች።

"ልጆቹን ካርታ አስተምሪ" አልኳት፣ ጤና ይስጥልኝ ሳልል።

"ካርታ አላስተምርም።"

"ለምንድን ነው የማታስተምሪው? ደሞዝ የሚከፈልሽ ለሱ አይደለም እንዴ?"

"ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ቨርና።" ብዕሯን አስቀመጠች። "አገሩ ሁሉ ሳህን ይዞ ይመጣና ስለ ነፋስ ያወራኛል። አንቺ ደግሞ ዓይኔን አታይም። አንድ ነገር ልጠይቅሽና እውነቱን ንገሪኝ። ስትደርሺ ሕይወቱ አልነበረችም?"

ምላሴ ላይ ነበር። አዎ ነበረች፣ ይጠብቅሽ ነበር፣ አንቺ ታች ረድፍ ላይ ስትዞሪ እኔ ክሪክ አፈር ውስጥ እቀብር ነበር። ይሄንን ብላት ምናለ ብዬ አስቤያለሁ። ለእኔ ይቀለኝ ነበር።

"አልነበረችም" አልኳት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዓይኗን እያየሁ።

"ቀጥታ ብሄድ ኖሮስ?"

"ሬሳ ነበር የምታገኚው።"

ትከሻዋ ወረደ። ሲወርድ አየሁት፤ ከመከር ጀምሮ ጆሮዋ ጋ ተሰቅሎ የነበረ ትከሻ ነው።

"ምንም አላለም ማለት ነው" አለች።

"ምን ይላል?"

"አንድ ቃል እንኳ? ሬዲዮኑ ላይ የነገረኝ ቁጥር ብቻ ነው። ለሚስቱ ቁጥር ተናግሮ ሄደ። ስሜን እንኳ ቢጠራ።"

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ድንገት አጣሁት። እዚህ ደረቴ ውስጥ የሷ የሆነ ነገር አለ። ስለሷ የሳቀው የመጨረሻ ሳቅ አለ። ልሰጣት አልችልም። ሳቁን ብሰጣት መንገዱን አብሬ መስጠቴ ነው።

"ምንም አላለም፣ ማርሊስ።"

"እሺ" አለች። አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። "ክላረንስ ቢለኝ ሊያጽናናኝ ነው እል ነበር። አንቺ ግን ማጽናናት አትችይበትም። ለዚያ ነው የማምንሽ።"

ከዚያ ተነሳች። ከቁም ሳጥኑ ላይ ካርታዎቹን አወረደች፤ አቧራቸው አስነጠሳት። እኔ አንዱን ጫፍ ያዝኩላት፣ እሷ ሌላውን ሰቀለች።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ሳወርድ በመስኮቱ አየኋት። ገበታውን ሠርታለች፣ ስድስት በስድስት። ጠመኔውን እንደያዘች ቆማለች። ትልልቆቹ ልጆች ነገሩን ያውቃሉ፤ ዓይናቸው እጇ ላይ ነው። እጇ ወደ ላይኛው ጥግ ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከታች በስተቀኝ "አንድ" ብላ ጻፈች።

ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አስተማረች። ሞንታና አልተመለሰችም፣ ሌላም አላገባችም። እሑድ እሑድ መብላቱን አልተውንም፤ ሁለታችን ብቻ። ቁጥር ብቻ አትበሉ የሚለውን ትምህርት ግን ትንሽ ለወጠችው። "መጀመሪያ ቁጥሩን" ትላቸው ነበር። "ምንም ነገር ሳትጨምሩ ቁጥሩን።"

ባለፈው መከር ሆስፒታል ተኝታ፣ ሐኪሞቹ እጃቸውን ካነሱ በኋላ፣ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ። የተኛች መስሎኝ ነበር።

"ቨርና" አለችኝ። "ጊዜ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ።"

"ማን?"

"ዴልመር ነዋ። እኔ ወደ ደቡብ ስሄድ አይቶ ቢሆን።"

ሹራቡን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

"ምን ይል ነበር?"

"'ሞንታና ገባች' ይል ነበር። ይስቅብኝ ነበር።" እሷም ትንሽ ሳቀች፣ በደረቷ ብቻ። "አይልም ነበር ትያለሽ?"

"ይል ነበር" አልኳት።